ቁጥር የወጣለት ወንበር

መሮ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። የሥራ ባልደረቦቿ ጮክ ብላ ስትራገም ከሰሟት ደስ ይላቸዋል፤ ቀኑ ሰላም ነው ማለት ነው። በሹክሹክታ መናገር ከጀመረች ግን እያንዳንዱ ያልጨረሰው ሥራ ትዝ ይለውና ዞር ይላል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አናጢ አባቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችውን ነገር ሳትበሳ የማትለቅ ስለነበረች "ይቺማ መሮ ናት" አለ፤ በዚያው ጸና። አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ እንኳ በሌላ ስም የሚጠራት የለም፤ እናቷም ቢሆኑ።

የምትሠራው ዲዛይን ሙዚየም ውስጥ ነው። ሰው አስቦ፣ ለክቶ፣ ሠርቶ የሚገለገልባቸው ነገሮች የሚታዩበት ቤት ነው፤ የሻይ ማፍያው፣ የጠረጴዛ መብራቱ፣ የጽሕፈት መኪናው፣ የበር እጀታው ሳይቀር በመስታወት ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ አይነካም። ምድር ቤት ያለው የመሮ ክፍል ግን ሁሉም ነገር የሚነካበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕዝብ ክፍት የሚሆነውን ወርክሾፕ የምትመራው እሷ ናት። ልጆች ከወረቀት ፋኖስ ይሠራሉ፣ ጡረተኞች መጽሐፍ ይጠርዛሉ፣ ቢሮ ያስጠላው የባንክ ሠራተኛ የተበላሸ ካውያ ይፈታል፤ መልሶ ሲገጥመው ሁለት ብሎን ይተርፈዋል። ባልና ሚስት በአንድ መዶሻ ይጣላሉ። መሮ ሽርጧን አሸርጣ በመካከላቸው ትዘዋወራለች፤ አንዱን ትሰድባለች፣ አንዱን ታሞግሳለች፤ የተሰደበውም የተሞገሰውም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል።

መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የመጣችው ግድግዳ ለመቀባት ነበር። አንድ ቅዳሜ መሰላል ላይ ሆና ስትቀባ፣ ከታች አንዲት ልጅ መቁረጫውን ወደ ጣቷ አዙራ ስትይዝ አየች። ብሩሹን ጥላ ወረደች፣ የልጅቷን እጅ አስተካከለች፣ ከዚያ የጎኗን ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ የሌላውን። ከዚያ ወዲህ መሰላሉ ላይ አልተመለሰችም። ሥራዋን ትወዳለች። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኋላ የሆነውን የሰሙ ሰዎች "ድሮም ሙዚየሙን ትጠላው ነበር" ይላሉ። ውሸት ነው።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ወደ ወርክሾፑ የሚመጣ ሰው ከቤቱ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ጠግኖ ሊወስደው፣ አንዳንዱ ለሙዚየሙ ሊሰጠው። ቀድሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ እየተምታታ ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር። የገላገለቻቸው መሮ ናት። በመዝጊያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የተገኘ ለሙዚየሙ የተሰጠ ነው፤ በሩ ሥር መሬት ላይ የተቀመጠ ባለቤቱ የሚወስደው ነው አለች፤ ነገር አለቀ። እሑድ ጠዋት የንብረት ክፍል ሠራተኞች መጥተው ጠረጴዛውን ጠርገው ይሄዳሉ፤ መሬቱ ላይ ወዳለው ዓይናቸውን እንኳ አይጥሉም። በዚህ ደንቧ መሮ ትኮራ ነበር።

ቤቷ ከሙዚየሙ ጀርባ ሁለት መንገድ ብቻ አለፍ ብሎ ነው። እናቷና ታናሽ ወንድሟ አብረዋት ይኖራሉ። ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ "አለቃ" ይለዋል፤ እሱ ራሱ መንቀሳቀስ አይችልም፣ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ የጀርባው አጥንት የተጣመመ ነው፤ አንገቱም ሲደክም ወደ ግራ ይወድቃል። ተራ ወንበር ላይ ካስቀመጡት እንደ ጆንያ ይንሸራተታል። በደንብ የምትታዘዘው ቀኝ እጁ ብቻ ናት። በዚያች እጁ ጠመኔ ይዞ መስኮቱ አጠገብ በተሰቀለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ያስተምራል። አለንጋ አያስፈልገውም፤ ያላጠናውን በምላሱ ብቻ ያስለቅሰዋል። ልጆቹ ደግሞ ሲያድጉ ሥራ ይይዙና ሰላም ሊሉት ይመጣሉ።

አባትየው በሕይወቱ ብዙ በርና አልጋ ሠርቷል፤ እንደ አለቃ ወንበር የደከመበት ግን አልነበረም። ልጁን እርጥብ ጭቃ ላይ አስቀምጦ የጀርባውን ቅርጽ አወጣ፤ እንጨቱን በዚያ ልክ ፈለፈለው። በስተግራ አንገቱ የሚያርፍባት በቆዳ የተለበጠች ትራስ ሠራለት። መደገፊያው በእንጨት ሽብልቅ እየተያዘ ከፍ ዝቅ ይላል። ልጁ ባደገ ቁጥር ወንበሩን ፈታ፣ ፋቀ፣ ጨመረ፣ እንደገና ገጠመ። መሮ ያን ጊዜ መብራት ያዥ ነበረች፤ እጇ ሲዝል አባቷ "ቀና አድርጊው" ይላት ነበር። አባትየው ሲሞት ወንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለው ለትልቅ ሰው ነበርና አለቃን እስከ ዛሬ ይዞታል። በዚህ ወንበር ሲቀመጥ ምግብ በሥርዓቱ ይወርድለታል። ተኝቶ ከበላ ግን ትን ይለዋል። ለሌላ ሰው ትን ማለት ሳል ነው፤ ለእሱ ሐኪም ቤት ነው።

ጉዱ የጀመረው የግራው እጅ ማሳረፊያ ሲሰነጠቅ ነው። ስንጥቁ በኮላ ተይዞ፣ በትልቅ ሞርሳ ታስሮ ማደር ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ሞርሳ ያለው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። የዚያ ቅዳሜ ፕሮግራም ደግሞ "ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ዕቃ" የሚል ነበር። መሮ በአንድ ድካም ሁለቱንም ልጨርስ ብላ አሰበች። አለቃ ወዲያው አልፈቀደም፤ ሲያጉረመርም ቆይቶ ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ይሁን አለ። የእናቷ ወንድም ፒካፕ አላቸው፤ ጠዋት ጭነው አደረሱላት።

ያ ቅዳሜ ጥሩ ቀን ነበር። ሰዎቹ ወንበሩን ከበው አባቷ ጭቃውን እንዴት እንዳቦካ ስትነግራቸው ሰሙ። አንዲት አሮጊት የቆዳዋን ትራስ ዳስሰው የሰው አንገት የሚያህል ጎድጓዳ አገኙ፤ እጃቸውን እዚያው ላይ አቆዩት። ማታ ሁሉም ሲሄድ መሮ ስንጥቁን ኮላ ቀብታ፣ በሞርሳ አጥብቃ፣ ወንበሩን በሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። እሷ ከወጣች በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ልታጥብ ገባች። ኮላውን ውሃ እንዳይነካው አስባ ወንበሩን አቅፋ ጠረጴዛው ላይ አወጣችው። ሌላ ክፋት አልነበረም። ሰው በደግነቱ እንዲህ ያለ መዓት ሊያመጣ መቻሉ ራሱ ያናድዳል።

እሑድ መሮ ከአጎቷ ጋር ስትመጣ ወንበሩ የውሃ ሽታ ሆኗል። ሞርሳው ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከወንበሩ መጥፋት በፊት ያናደዳት ኮላው ሳይደርቅ መፈታቱ ነበር። ቀጥላ ነው ነገሩ የገባት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ንብረት ክፍል ወጣች።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነጭ ጓንት ከእጁ የማይለይ ሰው ስለሆነ "ባለጓንቱ" ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም። ዕቃ ይወዳል፤ ከዕቃ ቀጥሎ ሰላምን ይወዳል። ወንበሩ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው አላት። ወደ ሙዚየሙ የሚገባ እንጨት ሁሉ ነቀዝ እንዳያስገባ መጀመሪያ ትልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ በሩ ከተቆለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አይከፈትም፤ ከተከፈተ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚያ ላይ በሙዚየሙ መዝገብ ቁጥር ወጥቶለታል። መሮ ድምጿ ዝቅ አለ።

"ክፈተው።"

"አልችልም።"

"ወንድሜ የሚቀመጥበት ነው። ያውቃሉ ሰዎችህ፤ ትናንት ወርክሾፑ ነበሩ፣ ሰምተውኛል።"

ባለጓንቱ ጓንቱን አንዴ አየ፣ አንዴ እሷን አየ።

"ጠረጴዛው ላይ ነው ያገኙት" አለ። "ደንቡ የማን ነው፣ መሮ?"

በራሷ መዶሻ የራሷን ጣት መትታ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ልትቆጣ ወረደችና፣ ሴትዮዋ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ስታለቅስ ስላገኘቻት ያንንም ሳታደርግ ቀረች።

እቤት ስትነግራቸው አለቃ ሳቀ። "በረደው በያ ወንበሬን" አለ። እናትየው አልሳቁም። እሳቸው ያሰቡት የሚቀጥለውን ምሳ ነበር።

ያልሞከሩት ነገር የለም። ትራስ ደረደሩ፤ ተንሸራተተ። ተራ ወንበር ላይ በነጠላ አሰሩት፤ ነጠላው ደረቱን ሲይዘው ትንፋሽ አጠረው። በመጨረሻ እናትየው አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ያስደግፋሉ፣ መሮ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። በሁለተኛው ቀን የእናትየው ወገብ ተያዘ። ሲነሱ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዙ ነው። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ አለቃ ግን መስኮቱን አዘጋው።

"ተኝቼ አላስተምርም" አለ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ደጁ ላይ ትንሽ ቆመው መሄድ ጀመሩ።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ምሳ ላይ ሾርባው ትን አለው። መጀመሪያ ሳለ፣ ቀጥሎ ሳሉ ጠፋ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። እናትየው ከኋላው ሆነው ፊቱን ስለማያዩት "ምነው ዝም አለ?" ይላሉ። መሮ ገልብጣ ጀርባውን መታችው፤ እንደገና መታችው። አጎትየው በፒካፑ ሐኪም ቤት አደረሱት። ሐኪሙ ምግቡ ሳንባው ውስጥ ገብቷል፣ ዳግመኛ ተኝቶ እንዳይበላ፣ በወንበር ይቀመጥ አለ። መሮ ለሐኪሙ ምን ትበለው? "እሺ" አለች። አለቃ ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ድምጹ ሰልሎ ነበር። አሁንም ይቀልዳል፤ ግን ቀልዱን ሳይጨርስ ይደክመዋል።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ መሮ ማቀዝቀዣው ሳይከፈት ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወንበሩ ወጣ። ስንጥቁ እንደተከፈተ ነው። በእጅ ማሳረፊያው ሥር በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ በላዩም ቫርኒሽ ተቀብቷል። ልታነሳው ስትጎነበስ ባለጓንቱ ዳይሬክተሯ ትፈልግሻለች አላት።

ዳይሬክተሯ ወንበሩን በፎቶ አይታው ነበር። ቆማ ተቀበለቻት፣ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፣ አቀፈቻት። ለሕዝብ የሚከፈተው አዲሱ ኤግዚቢሽን መሐል ላይ የሚቆመው ይህ ወንበር ነው፤ ማስታወቂያው ላይም የሚወጣው እሱ ነው። ስንት ዓመት ንድፍ ለሰው ነው እያሉ ሲናገሩ ኖረዋል፤ አሁን የሚያሳዩት አገኙ። መሮ ወንድሟ ሐኪም ቤት ገብቶ እንደነበር ነገረቻት። ዳይሬክተሯ ከንፈሯን መጠጠች፤ ከልቧ ነበር። ግን ቁጥር የወጣለትን ዕቃ መመለስ የሚችለው ቦርዱ ብቻ ነው፣ ቦርዱ ደግሞ የሚሰበሰበው ከኤግዚቢሽኑ መክፈቻ በኋላ ነው፤ እስከዚያው የሚያውቁት ወጣት ዲዛይነር መጥቶ ቢለካውና አንድ ዘመናዊ ነገር ቢሠራለትስ አለች።

"ወንድሜ ዛሬ መብላት አለበት" አለች መሮ።

"ይገባኛል። ግን እስቲ ደግሞ በዚህም በኩል አስቢው፣ እህቴ። አባትሽን ስንት ሰው ሊያየው ነው። ስሙን እኮ ግድግዳው ላይ እንጽፈዋለን።"

ለአንዲት አፍታ የመሮ ልብ ሞቀ። አባቷ ዕድሜ ልኩን በሰው በርና በሰው አልጋ ላይ ሲደክም ስሙን የጻፈለት የለም። ግድግዳውን አሰበችው፤ ፊደሎቹ ትልልቅ ይሆናሉ፣ እናቷ ቀና ብለው ያነቡታል። ከዚያ እየበላ ሰማያዊ የሆነው የወንድሟ ከንፈር ፊቷ ድቅን አለ። የሞቀው ልቧ ነው ከሁሉ የባሰ ያናደዳት። ዳይሬክተሯን ብቻ ሳይሆን ራሷንም ልትነክስ ደረሰች። ሽንጧን ገትራ ተከራከረች፣ ለመነች፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልሻረው አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ዳይሬክተሯ በመክፈቻው ቀን ፕሮግራሙን እንድትመራ፣ የወንበሩንም ታሪክ እንድትናገር ጠይቃ ሸኘቻት።

እቤት አለቃ አሁንም በእናቱ ደረት ተደግፎ፣ ሾርባውን በጠብታ በጠብታ ነበር የሚበላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሮ ደጅ መጥናት ጀመረች። ጠዋት ባለጓንቱ ዘንድ፣ ከሰዓት ዳይሬክተሯ ቢሮ። ጸሐፊዋ ሳትጠየቅ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ማለት ለመደች። ወርክሾፑ ውስጥ የወረቀት ፋኖስ የሚሠሩ ልጆችን ስታይ እንኳ ቆሽቷ ያርራል፤ ይህ ሁሉ ውብ ነገር ለማን ነው ትላለች። ሙዚየሙ በየመንገዱ ማስታወቂያ ለጠፈ። ወደ ቤቷ ስትሄድ የአባቷ ወንበር ከአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያያታል፤ ከሥሩ "ለሰው የተሠራ" ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ማስታወቂያውን ቀድዳ ልትጥለው እጇን ሰንዝራ፣ የአባቷ እጅ ሥራ ነውና አልቻለችም።

ስለ ማስታወቂያው ለአለቃ ነገረችው።

"ምሳ ይሰጣሉ?" አለ።

"ምን?"

"መክፈቻው ቀን። ምሳ ከሌለ እኛው ይዘን እንሄዳለን። ወንበሬ እኔ ጋ ካልመጣ እኔ እሱ ጋ እሄዳለሁ፤ ምሳዬን እዚያ ተቀምጬ ነው የምበላው።"

እናትየው አይሆንም አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄን መሳቂያ አላደርግም፤ ዓይን ይበላዋል፤ ያያል ሰው፣ ይጠቋቆማል አሉ። አለቃ የተሰበሰቡት ሊያዩ አይደለም ወይ፣ ከማየት አልፈው ምን ያደርጉኛል ብሎ መለሰላቸው። እናትየው ብዙ ተቆጡ፣ ብዙ አለቀሱ። በማግስቱ ግን ሾርባው የሚያዝበትን ፔርሙስ ሲያጥቡ መሮ አየቻቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የቦርዱ ሰዎች በፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ወርክሾፕ የሚመጡት ጡረተኞች፣ ካውያ ፈቺው የባንክ ሠራተኛ፣ ልጆች፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች ከኋላ ቆመዋል። ወንበሩ መሐል ላይ ዝቅ ያለ መድረክ ላይ ቆሟል፤ ዙሪያውን ጉልበት የሚደርስ መስታወት አጥሮታል። አጠገቡ ባለው ጽሑፍ ላይ የእጅ ማሳረፊያው ስንጥቅ "የረጅም አገልግሎት ምልክት" ተብሏል። መሮ ይህን ስታነብ ጥርሷን ነከሰች።

ዳይሬክተሯ ንግግር አድርጋ ስትጨርስ መሮን ጠራቻት። መሮ ማይኩን አልያዘችም። ወደ በሩ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። አጎትየው አለቃን እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ፤ ከኋላ እናትየው ፔርሙስና ማንኪያ ይዘው። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። መሮ ከሽርጧ ኪስ ካቻቢቴ አወጣች፣ ተንበርክካ የመስታወቱን ብሎኖች ፈታች፣ መስታወቱን አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ጥበቃው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዳይሬክተሯ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታ ነበር፤ የቦርዱ ሊቀመንበር በአድናቆት አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየችና ቆመች።

አለቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አጎትየው መደገፊያውን በሽብልቁ ያዙት፤ መሮ የወንበሩን ቀበቶ አሰረችለት። አንገቱ የቆዳዋ ትራስ ላይ ሲያርፍ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። ከሳምንታት በኋላ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ማየት መሮን አስለቀሳት፤ እንባው ግን የደስታ አልነበረም። ይህን ለማየት ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ እያለች ነበር የምታለቅሰው። እናትየው ፎጣ ደረቱ ላይ አደረጉለት፣ ሾርባውን በፔርሙሱ ክዳን ቀድተው በማንኪያ አቀረቡለት። ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። ማንኪያው የፔርሙሱን ክዳን ሲነካ ድምፁ በአዳራሹ ይሰማል።

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ስልኮች ወደ ላይ ተነሱ። "እንዴት ያለ አቀራረብ ነው!" የሚል ተሰማ። የቦርዱ ሊቀመንበር ተነስተው ቆሙ፤ ዳይሬክተሯም ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይታ ማጨብጨብ ጀመረች። መሮ ዞር ብላ አየቻቸው። ቢሰድቧት፣ ቢያስወጧት፣ ፖሊስ ቢጠሩባት ትመልስላቸው ነበር። ለጭብጨባ ምን ይመለሳል?

አለቃ የጎረሰውን ውጦ ወደ እህቱ ዞረ።

"ሰው ሲበላ አይተው አያውቁም እንዴ?" አላት።

"አንሱት" አለች መሮ ለአጎቷ፤ ድምጿ ከሹክሹክታም አንሶ ነበር። አጎትየው በአንድ በኩል፣ እሷና ካውያ ፈቺው የባንክ ሠራተኛ በሌላ በኩል ሆነው ወንበሩን ከነአለቃ አነሱት። ባለጓንቱ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ቁጥር አለው፣ አይወጣም አለ። ሊይዘው እጁን ሰደደና ደነገጠ፤ ለክብረ በዓሉ ብሎ ጓንቱን ቢሮው ትቶ ነበር የመጣው። ቁጥር የወጣለትን ዕቃ በባዶ እጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። እጁን መልሶ ሰበሰበ፣ "አንዴ ጠብቁኝ" ብሎ ደረጃውን ወደ ላይ ሮጠ። ጓንቱን አጥልቆ ሲመለስ ፒካፑ ከግቢ ወጥቷል። ተከትሎ የወጣው ሰው አሁንም ያጨበጭብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መሮ ሥራ አልገባችም። ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ወንበሩ ሥር ገብታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩን ትፍቃለች። ስንጥቁን ትናንት በኮላ ይዛ በገመድ ጠፍንጋዋለች። አለቃ ከላዩ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ደጁ ላይ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ስልኩ ጮኸ። መሮ እጇ አቧራ ስለሆነ እናትየው ድምፁን ከፍ አድርገው ወለሉ ላይ አስቀመጡላት።

ዳይሬክተሯ ናት። አልተቆጣችም፤ በድምጿ ደስታ ይሰማል። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቅዳሜው ፕሮግራም ነው አለች። ቦርዱም አስቸኳይ ስብሰባ አድርጎ ወንበሩን ሙዚየሙ በውሰት ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ወስኗል፤ በመሐል በመሐል እቤት ሊሆን ይችላል። በምትኩ ወንድምሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እንደዚያው ቢበላ፣ ሰዉ በጣም ነው የሚፈልገው አለች። ውሰት የምትለውን ቃል መሮ ስትሰማ ብርጭቆ ወረቀቱ እጇ ውስጥ ቆመ። ልትናገር አፏን ስትከፍት አለቃ ቀደማት።

"ንገሪያት" አለ ሳያመነታ፣ ማንኪያውን እየጠበቀ። "እኔ እዚህ በቀን ሦስቴ ነው የምበላው። መጥታ ታጨብጭብ።"

እናትየው ማንኪያውን ወደ አፉ አቀረቡ። መሮ በክርኗ ስልኩን ዘጋችውና ወደ ወንበሩ ሥር ተመለሰች፤ የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ ገና አልለቀቀም ነበር።